ባዶ ወንበር፣ ሙሉ ፓርኪንግ፦ የጣቢያን ችግር ለይቶ ማቃለያ

ፓርኪንጉ ከጠዋቱ 1:00 ሰዓት በፊት ሞልቶ ባቡሩ ወይም አውቶቡሱ ግማሽ ወንበሩን ባዶ ይዞ የሚነሳበት ጣቢያ ሲታይ፣ ሁለት ችግር ያለበት ይመስላል። ብዙውን ጊዜ ያለበት አንድ ነው፤ ሰው ከቤቱ ተነስቶ ጣቢያው በር ላይ የሚደርስበት መንገድ አልተሠራለትም። መኪና ያለው ማልዶ ቦታ ይይዛል፤ የሌለው የሚያደርሰው አጥቶ ይቀራል። ፓርኪንግ ማስፋት ለመጀመሪያው ሰው ትንሽ ይጠቅም ይሆናል፤ ለሁለተኛው ምንም አያደርግለትም።

ይህ መመሪያ ለከተማ አስተዳደር የትራንስፖርትና የመሬት ባለሙያዎች፣ ለጣቢያና ለመናኸሪያ ኃላፊዎች ነው። በሰሜን ሸዋ ጉዳዩ ሁለት መልክ አለው። ሸዋሮቢትና አጣዬ ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው የባቡር መስመር በአካባቢያቸው ያልፋል፤ የጣቢያው ዙሪያ መሬት በሱቅና በአጥር ሳይያዝ አሁኑኑ ሊያስቡበት ይገባል። ደብረ ብርሃን፣ ጫጫ፣ ሸኖና ደብረ ሲና ደግሞ ባቡር የላቸውም፤ የመናኸሪያቸው በሽታ ግን ያው ነው፤ መድኃኒቱም ያው።

በሽታውን ለዩ

መንገደኛ ያነሰው በሦስት ምክንያት ሊሆን ይችላል፦ ተሽከርካሪው በበቂ አይመጣም፣ ጣቢያው ሰው ከሚኖርበት ርቋል፣ ወይም ጣቢያው ቅርብ ሆኖ መድረሻው አስቸጋሪ ነው። ፓርኪንግ የሚነካው ሦስተኛውን ብቻ፣ እሱንም በከፊል ነው።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር መኪና አቁሞ ለሚሳፈር ሰው ታስቦ አልተሠራም። ሰዉ በእግሩና በታክሲ እየመጣ ባቡሩን እስኪጨናነቅ ሞላው። በኋላ አገልግሎቱን ያሳነሰው የመለዋወጫ እጥረትና የቆሙ ባቡሮች ብዛት ነው። ከተገዙት 41 ባቡሮች የሚሠሩት ሲቀንሱ የመጠበቂያው ጊዜ ይረዝማል፤ መጠበቂያው ሲረዝም ሰው ወደ ታክሲ ይመለሳል። እንዲህ ባለ ጣቢያ ላይ ፓርኪንግ መሥራት ራሱን ላመመው ሰው እግሩን ማሸት ነው።

የሁለተኛው ምክንያት ምሳሌ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ አዲሱ መስመር ነው። አሮጌው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን ለገሀር ከከተማው መሐል ነበረች። ድሬዳዋ ደግሞ ራሷ ከጣቢያው ጋር የተወለደች ከተማ ናት። በ2009 የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን ጣቢያዎቹን ከከተሞቹ ዳርና ውጭ ነው ያስቀመጣቸው። ሰፊ ኩርባ የሚፈልግ ሐዲድን በቤቶች መሐል ማሳለፍ የካሳውን ወጪ ስለሚያንር ከዳር መውጣቱ ለመሐንዲሱ ቀላል ነው። ለመንገደኛው ግን ከጣቢያው እስከ ከተማው የሚከፍለው የኮንትራት ባጃጅ ወይም ታክሲ ከትኬቱ ዋጋ ጋር ይደመራል። ሸዋሮቢትና አጣዬ ሊማሩበት የሚገባው ይህን ነው።

ለመለየት የሚረዳ ቀላል መንገድ አለ። መንገደኛ ተሽከርካሪ በመጣ ቁጥር የሚሰለፍ፣ ግን ብዙ ሰዓት የሚጠብቅ ከሆነ ችግሩ ስምሪት ነው። ተሽከርካሪው በሰዓቱ እየመጣ ሰው ከሌለ ችግሩ መድረሻው ነው። ሰውም ተሽከርካሪም እያለ ሁለቱ የማይገናኙ ከሆነ፣ ማለትም መንገደኛው ጣቢያውን ትቶ ከአስፋልቱ ዳር የሚሳፈር ከሆነ፣ ግቢው ራሱ የተበላሸ ነው። በመናኸሪያዎቻችን በብዛት የሚታየው ይኸኛው ነው።

ቆጠራ

ያለ ቆጠራ የሚደረግ ውይይት ሁሉ የሚያልቀው «ቦታ ያንሰናል» በሚል ነው። ሦስት ቀን ቁጠሩ፦ ሁለት ተራ የሥራ ቀንና አንድ የገበያ ቀን። ከገና እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ፣ በፋሲካ ሰሞንና ተማሪ በሚጓጓዝበት ሳምንት አትቁጠሩ። ከተቻለ አንድ ጊዜ በጥር፣ አንድ ጊዜ በሐምሌ ይሁን፤ ዝናብ በእግር የሚመጣውን ሰው በግልጽ ይቀንሳል። የክረምቱን ካላያችሁ የሠራችሁት የበጋ ጣቢያ ነው።

የማቆሚያው ቆጠራ ሁለት ሰው፣ አንድ የእጅ ሰዓትና የተሰመረ ወረቀት ይበቃዋል። ከጠዋቱ 12:00 እስከ ማታ 11:30 በየ30 ደቂቃው አንዱ ቆጣሪ ግቢውን በተመሳሳይ አቅጣጫ እየዞረ የቆመውን መኪና ሁሉ ሰሌዳ (የመጨረሻ አራት አኃዝ ይበቃል) እና ኮዱን ይጽፋል፤ 24 ዙር ማለት ነው። ኮድ 2 የግል፣ ኮድ 3 የንግድ፣ ኮድ 4 የመንግሥት ስለሆነ ማን ቦታውን እንደያዘው ወዲያው ይታያል። ሁለተኛው ሰው በር ላይ ቆሞ ሹፌሩ ወርዶ ወዴት እንደሄደ ምልክት ያደርጋል፦ ወደ መሳፈሪያው ወይስ ወደ ገበያ፣ ባንክ፣ ቢሮ።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። 40 ቦታ ባለው ማቆሚያ በ24ቱ ዙር የታዩት መኪናዎች ድምር 840 ቢሆን፣ የመሙላት መጠኑ 840 ለ960 ሲካፈል 87.5 በመቶ ነው። የተለያዩት ሰሌዳዎች 70 ከሆኑ አንድ መኪና በአማካይ የቆመው 840 በግማሽ ሰዓት ተባዝቶ ለ70 ሲካፈል፣ 6 ሰዓት ነው። አንድ ቦታ በቀን ያስተናገደው 1.75 መኪና ብቻ ነው። አሁን የበሩን ወረቀት አምጡ። ከ70ዎቹ የተሳፈሩት 28 ብቻ ከሆኑ ማቆሚያው የጣቢያው ሳይሆን የገበያው ነው። በዚህ ጊዜ 40 ቦታ ብትጨምሩ የምታገኙት ሌላ የገበያ ማቆሚያ ነው።

ቆጠራ የሚበላሽባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። እኩለ ቀን ላይ አንዴ ብቻ መቁጠር አንዱ ነው፤ የጠዋቱ ጫና አይታይም። ቆጣሪው ጥላ ሥር ተቀምጦ በግምት መሙላቱ ሌላው ነው፤ የሰሌዳ ቁጥር እንዲጽፍ የሚደረገውም ለዚሁ ነው፣ ግምት ሰሌዳ አያወጣም። ሦስተኛው ተራ አስከባሪዎችን ቆጣሪ ማድረግ ነው። ግቢውን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ቁጥሩ ግን ገቢያቸውን ይነካል። አማክሯቸው፣ ወረቀቱን ግን ለሌላ ሰው ስጡ።

ከዚያ መንገደኛውን ጠይቁ። በቀን ከ200 በታች የሚሳፈር ከሆነ ሁሉንም፣ ከበለጠ ሦስተኛውን ሰው ሁሉ። አራት ጥያቄ ብቻ፦ ዛሬ ከየት ሰፈር ተነሱ? በምን መጡ? ስንት ደቂቃ ፈጀብዎ? ስንት ከፈሉ? አምስተኛ ጥያቄ ከጨመራችሁ ሰው እየሄደ ይመልሳል። የማይሳፈረውን ለመጠየቅ ደግሞ ከጣቢያው ራቅ ብላችሁ፣ ሰው ከአስፋልት ዳር እየተሳፈረ ከሚቆምበት ቦታ ሂዱ። ዋናው መልስ ያለው እዚያ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም ይኸው ነው።

የአንድ መኪና ቦታ ስንት ሰው ያመጣል?

አንድ የመኪና ቦታ 2.5 በ5 ሜትር ነው፤ 12.5 ካሬ ሜትር። መተላለፊያና መግቢያ ሲጨመር ግን ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይበላል። ጠዋት የገባ የተሳፋሪ መኪና እስከ ማታ አይነሳም፤ የመጣበትም አንድ ሰው፣ አልፎ አልፎ ሁለት ነው። ስለዚህ 105 ካሬ ሜትር መሬት ለመኪና ቢሰጥ አራት መኪና፣ በቀን አምስት መንገደኛ ገደማ ያመጣል።

ያንኑ መሬት ለባጃጅ ማራገፊያ ስጡት። አንድ ባጃጅ 2.6 ሜትር ርዝመትና 1.3 ሜትር ስፋት አለው። 3.5 ሜትር ለአንዱ እየሰጠን ስድስቱን ብናሰልፍ 21 ሜትር ነው፤ የመቆሚያው መስመር 2 ሜትር፣ የማለፊያው 3 ሜትር፣ በድምሩ 5 ሜትር ስፋት። ሒሳብ ከፍሎ፣ ዕቃ አውርዶ ለመነሳት ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ አንዱ ቦታ በሰዓት 30 ባጃጅ ያስተናግዳል፣ ስድስቱ 180። በአንዱ ሁለት ሰው ብንል 360 ሰው ነው። በሥራ ላይ ግማሹ እንኳ ቢሳካ በአንድ ሰዓት 180 መንገደኛ ይደርሳል። አምስት ሰው በቀን ከ180 ሰው በሰዓት ጋር ሲነጻጸር ክርክሩ እዚያው ማለቅ ነበረበት። የማያልቀው በስብሰባው ላይ የሚቀመጡት ባለመኪናዎቹ ስለሆኑ ነው።

ብስክሌትም ቦታው ትንሽ ነው፤ 0.6 በ1.8 ሜትር። በኔዘርላንድ ዩትሬክት ጣቢያ ሥር 12,500 ብስክሌት የሚቀመጥበት ቦታ አለ። ሸዋሮቢት ያን ያህል አትፈልግም፤ መሬቷ ግን ለብስክሌት የሚመች ሜዳ ነው። 20 ብስክሌት የሚታሰርበት የብረት ማሰሪያ፣ የቆርቆሮ ጥላና የሚታይ ጠባቂ ይበቃል። ማሰሪያው መሬት ውስጥ በኮንክሪት የተቀበረ፣ የብስክሌቱን ክፈፍ የሚያሳስር ይሁን። የፊት ጎማ ብቻ የሚይዘው ዓይነት ጎማውን ያጣምማል፤ ሌባም ጎማውን ትቶ ቀሪውን ይዞ ይሄዳል።

ግቢውን አደራጁ

ከመሳፈሪያው በር ጀምሮ ወደ ውጭ ያለው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ እግረኛ፣ የአካል ጉዳተኛ መኪና፣ የባጃጅና የሚኒባስ ማራገፊያ፣ ብስክሌትና ሞተር ሳይክል፣ ለአጭር ጊዜ የሚቆም መኪና፣ በመጨረሻ ቀኑን ሙሉ የሚውለው። በአብዛኛው ግቢ የምናየው የዚህ ግልባጭ ነው፤ የኃላፊው መኪና በሩ ሥር፣ ዕቃ የያዘች እናት ከአጥሩ ውጭ።

ማራገፊያው ላይ የማለፊያ መስመር ሳይኖር ከቀረ አንድ ባጃጅ ሞተሩ ቢጠፋ ሙሉ ሰልፉ ይቆማል። ሰው አራግፈው ጭነት የሚጠብቁ ባጃጆች እዚያው ከቆሙ ደግሞ ማራገፊያው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተራ መጠበቂያ ይሆናል። ስለዚህ መጠበቂያውን ከ100 እስከ 150 ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ስጧቸው፤ ተራ አስከባሪው አምስት አምስቱን እየጠራ ያስገባ። ባጃጆቹን በቅጣት ብቻ ለማራቅ መሞከር አይሠራም፤ ሹፌሩ ተራው እንደማይበላበት ካላመነ ከበሩ አይርቅም።

ለመኪናው ክፍል ስፋቱን ሳትለኩ መስመር አታስምሩ። በሁለቱም ወገን ቀጥ ብሎ ለሚቆም መኪና 5 ሜትር፣ 6 ሜትር መተላለፊያ፣ 5 ሜትር፣ በድምሩ 16 ሜትር ያስፈልጋል። መሬቱ 14.5 ሜትር ብቻ ከሆነ በ45 ዲግሪ ሰያፍ አቁሙና መተላለፊያውን 3.8 ሜትር፣ ባለ አንድ አቅጣጫ አድርጉት። ከዚያ ከጠበበ አንድ ወገን ብቻ ይቁም። በ12 ሜትር መሬት ላይ ሁለት ረድፍ ማስገባት የተለመደ ስህተት ነው፤ በመሐል 2 ሜትር ይቀራል፣ ማንም መውጣት አይችልም፣ ከዚያ ሰው ቁልፉን ለጠባቂ እየሰጠ መኪና ሲገፋ ይውላል። የአካል ጉዳተኛው ቦታ 3.6 ሜትር ስፋት ይኑረው፤ ዊልቸሩ በጎን የሚወርድበት ቦታ ነው ትርፉ።

ወለሉን በሚመለከት፣ በደጋው ብዙ ቦታ መሬቱ ጥቁር አፈር ነው። ጠጠር ከላይ ብቻ ማፍሰስ ለአንድ ክረምት እንኳ አይበቃም፤ አፈሩ ሲያብጥና ሲሰነጠቅ ጠጠሩን ይውጠዋል። ቢያንስ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ አውጡና የተመረጠ አፈር በንብርብር እየጠቀጠቃችሁ ሙሉት፤ ከላይ ጠጠር ወይም ኮብልስቶን። ተዳፋቱ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ውኃው የሚፈሰውም ከመሳፈሪያው ተቃራኒ ወደሆነ ቦይ። ቀለም በኮብልስቶን ላይ አይቆይም፤ የቦታዎቹን መለያ መስመር ከሌላ ቀለም ድንጋይ እዚያው እየነጠፋችሁ አውጡት። በጠጠር ላይ ከሆነ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የጎማ ማቆሚያ ድንጋይ በየቦታው ፊት ቅበሩ።

የእግረኛው መንገድ ከሁሉ ርካሽ ነው፤ ከሁሉም የተረሳ። በደቂቃ 80 ሜትር ብንል 800 ሜትር የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ በዚህ ክበብ ውስጥ ያለ ሰው ባጃጅ አያስፈልገውም። ሁለት ሜትር ስፋት፣ ቦይ ላይ ድልድይ፣ መብራት። በተለይ ጠዋት 11:00 ላይ ለሚነሳ መኪና ወይም ባቡር ብርሃን የሌለው መንገድ ማለት ሴቶች፣ ተማሪዎችና አዛውንቶች የማይመጡበት መንገድ ነው። በደብረ ብርሃን ዳር ሰፈሮች በዚያ ሰዓት ሰውን የሚያስፈራው ሌባ ብቻ አይደለም፤ ጅብም አለ። መጠበቂያውንም እንደ አገሩ ሥሩት፦ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላለችው ደብረ ብርሃን በነፋሱ በኩል ግድግዳ፣ ለሸዋሮቢት ሙቀት ደግሞ ከፍ ያለ ጣሪያና ክፍት ጎን። አንድ ፕላን ለሁለቱም መላክ አንዱን ማስቀጣት ነው።

ክፍያ

ነጻ ማቆሚያ ሁልጊዜ በማይሳፈር ሰው ይሞላል። የመጀመሪያው 15 ደቂቃ ነጻ ይሁን፤ ሰው የሚያወርድ ወይም የሚቀበል ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ የሚጨምር ክፍያ አውጡ። የሙሉ ቀኑ ዋጋ ከሰፈሩ እስከ ጣቢያው ከሚከፈለው የባጃጅ ደርሶ መልስ በታች መሆን የለበትም፤ ካነሰ መኪና ይዞ መምጣትን እየደጎማችሁ ነው። ትኬት ያሳየ መንገደኛ ቅናሽ ያግኝ፤ ያላሳየ ሙሉውን ይክፈል። ይህ ብቻ የገበያውን መኪና ወደ ገበያው ይመልሰዋል።

ዒላማው ግቢውን መሙላት አይደለም። በጫና ሰዓት ከ100 ቦታ 85ቱ ተይዞ 15ቱ ክፍት ሲሆን ዋጋው ልክ ነው። ከዚያ በላይ ከሞላ ጨምሩ፤ ግማሹ ባዶ ከሆነ ቀንሱ። ደረሰኝ በቁጥር የታተመ ይሁን፤ የቀኑን የደረሰኝ ቁጥር ከሰሌዳ ቆጠራው ጋር በወር አንዴ አስተያዩ። ልዩነቱ ከተደጋገመ ችግሩ የዋጋ ሳይሆን የእጅ ነው። በመንግሥት ሰሌዳ የሚገባው ነጻ ይሁን የሚለውን ጥያቄ መጀመሪያ ቀን እንቢ በሉ፤ በኋላ አይመለስም።

ሰዓትና መጋቢ መስመር

መጋቢ ሚኒባስ፣ ማለትም ሰውን ከሰፈር ወደ ጣቢያው የሚያመላልስ፣ ስትመድቡ ርቀቱን በዙር ሒሳብ አስቡት። 3 ኪሎ ሜትር በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 12 ደቂቃ ይወስዳል፤ ደርሶ መልስ 24፣ በሁለቱም ጫፍ 5 ደቂቃ ቆይታ ሲጨመር 34። ሁለት ሚኒባስ ካለ በየ17 ደቂቃው አንድ ይመጣል፤ አንድ ብቻ ከሆነ ለጥቂት ያመለጠው ሰው ቀጣዩን ከሚጠብቅ በእግሩ ቀድሞ ይደርሳል። መጋቢው ባቡሩ ወይም አውቶቡሱ ከመነሳቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀድሞ ይድረስ፤ መምጫው ላይ ደግሞ ዋናው ቢዘገይም እስኪደርስ ይጠብቅ። ሹፌሩ «ሞልቶ ካልሆነ አልሄድም» የሚለው ገቢው በጭነት ስለሆነ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በዙር የሚከፈል ውል ካልተሰጠው ታፔላ መለጠፍ ብቻውን መጋቢ አያደርገውም።

የጊዜ ሰሌዳው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ባለሙያው በፈረንጆች አቆጣጠር «7:30» ብሎ ከለጠፈ፣ አንባቢው በእኛ ሰዓት ከቀኑ 7:30 ነው ብሎ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል። በትልቁ «ጠዋት 1:30» ብላችሁ ጻፉ፤ ትኬቱ ላይ ያለው በሌላ አቆጣጠር የታተመ ከሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ማስፋት መቼ?

ክፍያው ተጀምሮ፣ የማይሳፈረው ወጥቶ፣ መጋቢው ስድስት ወር ሠርቶ የጫና ሰዓቱ አሁንም ከ85 በመቶ በላይ ከሆነ ያኔ ቦታ ጨምሩ። መጀመሪያ ግን መዋስ ይቻላል፦ ከገበያ ቀን ውጭ ባዶ የሚውል የገበያ ሜዳ፣ የስታዲየም ዙሪያ፣ በ400 ሜትር ውስጥ ያለ የተቋም ግቢ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የትኛው ቀንና ሰዓት፣ ጥበቃውን ማን ይከፍላል፣ ለተሰበረ መስታወት ማን ይጠየቃል የሚለው ይገለጽ። የቃል ስምምነት የሚቆየው የመጀመሪያው መኪና እስኪቧጨር ነው።

አዲስ መሬት የምትይዙ ከሆነ ሙሉውን በአንድ ጊዜ አታንጥፉ። ሲሶውን ሠርታችሁ ቀሪውን አጥራችሁ ሣር ያዙት፤ ከዓመት በኋላ ያንኑ የሦስት ቀን ቆጠራ በተመሳሳይ ወር፣ በተመሳሳይ ወረቀት ድገሙና ቀሪው ሁለት ሲሶ ለመኪና ይሁን ለመጋቢ ሚኒባስ ማዞሪያ ያን ጊዜ ወስኑ።